ከምንጩ ማዶ

ዘንድሮ ከደን ማኅበራችን ጋር የወሰን ዛፎቹን እንደገና ልንቀባ ጫካ ገብተን የቀዩ ቀለም ቆርቆሮ ሲከፈት፣ ሽታው ልጅነቴን ይዞብኝ መጣ።

ያኔ ከላይ ዛፍ እየተቆረጠ ምንጩ ቀጥኖ፣ እናቴ ጀሪካኗን በጣሳ እየጨለፈች ነበር የምትሞላው። አባቴና ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ከአያቶቻቸው የወረሱትን ጫካ ከመንደሩ ጋር በጋራ ሊጠብቁት ተስማሙ። ወሰኑን አንዱ ከታች፣ ሌላው ከማዶ እየቀቡ መጥተው ምንጩ ላይ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ።

እኔ ቆርቆሮውን ይዤ አባቴን ተከተልኩ። ጭጋጉ ከረጃጅሞቹ የቀረሮ ዛፎች ላይ አልተነሣም፤ የኮረሪማው ቅጠል ቀሚሴን አረጠበው። ምንጩ ዘንድ ስንደርስ ሲጮኹ የነበሩት ጉሬዛዎች ድንገት ጸጥ አሉ።

«ወልዴ!» ብሎ ተጣራ አባቴ።

«አቤት!» አለ የጋሽ ወልዴ ድምፅ፣ ከምንጩ ማዶ፣ እዚሁ ቅርብ።

ቅጠሉን ገልጠን ተሻገርን። ሰው የለም። በዚያ በኩል ያሉትንም ዛፎች ቀለም አልነካቸውም።

ብዙ ቆይቶ ጋሽ ወልዴ እኛ በመጣንበት መንገድ፣ ከኋላችን፣ እያለከለከ ደረሰ።

«ይቅርታ፣ ላሚቱ ምጥ ይዟት አሁን ነው ከቤት የወጣሁት» አለ።

አባቴ በእሱ ድምፅ ከማዶ «አቤት» መባሉን ነገረው። ብሩሹን ነክሮ የምንጩን ዛፍ በዝግታ ቀባና፣ «እንግዲህ የተስማማነው እኛ ብቻ አይደለንም» አለ።

ጋሽ ወልዴ ባርኔጣውን አወለቀ።

ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። ምንጩ ግን ከዚያ ወዲህ ቀጥኖ አያውቅም። አሁን ምንጩ ዘንድ ስንደርስ አንዱ ወጣት ማዶ ያለውን ጓደኛውን በስም ሊጠራ አፉን ሲከፍት እጁን ያዝኩት።

«ቆይ» አልኩት፣ «መጀመሪያ በዓይንህ እየው።»