በሰው ስም የተለቀመ ቡና

ሀዊ ከቡሌ ወርዳ ዲላ የገባችው በ1989 ዓ.ም. ነው። ባሏ ሞቶ፣ የእንሰቱን ጓሮ የባሏ ወንድሞች ወስደውባት ነበር። ይዛ የመጣችው አንድ ጋቢና ገና ጡት ያልጣለች ልጇን ኤልቤቴልን ነው። እኔ ከምኖርበት ግቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየችና ጎረቤት ሆንን።

ያኔ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ቡና ለቃሚ ነበርኩ። ለቃሚ የምንላት ተፈልፍሎ ከተዘረገፈ ቡና ውስጥ ጥቁሩን፣ ስባሪውንና ነቀዝ የበላውን በእጇ የምታወጣዋን ሴት ነው። ሁለት መቶ ያህል ነበርን። ጠዋት ጠዋት ካቦው ጋሼ ደመላሽ በሩ ላይ ቆሞ ስማችንን ከመዝገብ ይጠራል። አቤት ያለች ትገባለች፤ ያልተጠራች ትመለሳለች። ሦስት ቀን የቀረች ስሟ ይሰረዛል። ስለዚህ የታመመች ወይም የወለደች ሴት በስሟ ሌላ ሰው ትልክ ነበር። ጋሼ ደመላሽም ያውቃል። ቦታው ባዶ አይሁን እንጂ ማንም ብትቀመጥበት ግድ አልነበረውም።

ብዙነሽ በስተግራዬ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። በዚያው ዓመት ፍስሐ ገነት ወደሚባል ከተማ ስታገባ፣ የባሏ ጠባይ እስኪታወቅ ብላ ስሟን ለሀዊ በአደራ ሰጠቻት። ሁለት ወር ነው፣ ካልተስማማኝ እመለሳለሁ አለች። ተስማማት መሰለኝ፣ አልተመለሰችም።

ሀዊ ሥራውን በአንድ ሳምንት ለመደች። በግራ እጇ ቡናውን ታሳሳዋለች፣ በቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ትለቅማለች። ዓይኗ ሁልጊዜ ከእጇ አንድ ስንዝር ይቀድማል። ከጆንያ ቁራጭ ሰፍታ የቡና ገለፈት የጠቀጠቀችባት ትንሽ መቀመጫ ነበረቻት። በየዓመቱ ገለፈቱን ትቀይርላታለች፣ የላላውን ስፌት ታጠብቃለች። ብዙነሽ ሲባል አቤት ማለቱ ግን አንድ ዓመት ፈጀባት። ከለመደችው በኋላ ደግሞ ገበያ ውስጥ ሀዊ ብዬ ስጠራት ሳትዞር ታልፈኝ ጀመር። ስምሽን ሸጠሽ በላሽው ብዬ ሳሾፍባት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጣሪው ግቢያችን መጣ። ሥራዋን ሲጠይቃት ወደ እኔ አየችና፣ ሥራ የለኝም አለችው። የተናገረችው ከመጋዘኑ መዝገብ ጋር ይተያያል ብላ ፈርታ ነው። እኔም ፈርቼ ወደ በሩ አየሁ። ሰውዬው ያለችውን ጻፈ። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ነበር፤ ጥፍሮቿ ሥር የገባው የቡና አቧራ ይታያል።

በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቡናን በቀለሙ የሚለይ ማሽን በሁለት መኪና ተጭኖ መጣ። ከእኛ ሥራ ላይ የሚቀሩት ሠላሳ ብቻ እንደሆኑ፣ እነሱም በመዝገቡ ላይ ብዙ ዘመን የቆዩት እንደሆኑ ተነገረን። ስም ሲነበብ ብዙነሽ ሰባተኛ ወጣች፤ እኔ አሥራ አንደኛ ነበርኩ። ሀዊ እጄን ጨብጣ ብዙ ጊዜ አልለቀቀችኝም። ኤልቤቴል ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ እናቷ የፈለገው ቢመጣ ከትምህርት አላስቀራትም ብላ ምላ ነበር። ከዚያ ወጥቶ ሌላ ሥራ ማግኘት ዘበት ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ልጆች እንኳ ለድንጋይ ንጣፍ ሥራ ተሰልፈው ሲመዘገቡ በየቀኑ እናይ ነበር።

አዲሱ ጸሐፊ ወንድይፍራው ግን እስከ አርብ የቀበሌ መታወቂያ አምጡ አለ። ሀዊ ጋሼ ደመላሽን ለመነችው። ባርኔጣውን በእጁ እያገላበጠ፣ እኔ የማውቀው መዝገቡን ነው አላት።

ሐሙስ ፍስሐ ገነት ሄደች፤ ብዙነሽ መጥታ ስሟን እንዳዋሰችኝ ትመስክርልኝ ብላ ነው። ያየችውን የነገረችኝ ኋላ ነው። የብዙነሽ ባል ወገቡን ተጎድቶ ተኝቷል፤ ልጆቹ አራት ናቸው፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል። ብዙነሽ ቆጮ በጎመን አቀረበችላት፣ ነገሩን ሁሉ ሰማች፣ ስንት ሰው እንደሚቀር ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት። ከዚያ እመጣለሁ አለች።

አርብ መታወቂያዬን ይዤ ከሀዊና ከብዙነሽ ኋላ ተሰልፌ ነበር። ብዙነሽ መታወቂያዋን ከመሐረብ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ወንድይፍራው ፎቶውን አየ፣ ፊቷን አየ።

«አሥራ አራት ዓመት የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«ስሙ የኔ ነው» አለች ብዙነሽ ቀስ ብላ።

«ስሙን አልጠየቅኩሽም። በሰው ስም የገባች ከተገኘች ከነባለስሟ ትሰረዛለች ተብሏል። የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

ብዙነሽ መሬት መሬቱን አየች። ሀዊ ትጠብቃታለች።

«እኔ ነኝ» አለች ብዙነሽ።

ጸሐፊው ጻፈና ወደ ሀዊ ዞረ። «አንቺስ እናቴ፣ ምን ፈልገሽ ነው?»

ሀዊ የብዙነሽን ጫማ ታይ ነበር። የፕላስቲክ ጫማ ነው፤ አንደኛው በሽቦ ተሰፍቷል።

«ምንም» አለች። «መንገዱ ጠፍቷት ላሳያት ነው የመጣሁት።»

እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ በእጄ የያዝኩትን መታወቂያ አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ጋሼ ደመላሽ በመስኮቱ ወደ ማሽኑ ያይ ነበር።

ስንወጣ ሀዊን ለምን እንዲህ አደረግሽ አልኳት። ብዙነሽም እኔም ከምንሰረዝ ይሻላል አለችኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ ለኤልቤቴል ምን እንደምላት ግን አላውቅም አለች።

ሰኞ ሥራ ፈላጊ ወደሚመዘገብበት ቢሮ ሄደች። የሥራ ልምድ በሚለው መስመር ላይ ምን ልጻፍ ብላ መዝጋቢዋ ጠየቀቻት። የለም ተብሎ ተጻፈ። ኤልቤቴል ከገና በኋላ ትምህርቷን ትታ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ሰሃን አጣቢ ሆነች።

ሀዊ እዚያ ቢሮ በተሰለፈችበት ሰኞ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ ብዙነሽ በስተግራዬ መጥታ ቆመች። ዲላ ካለች እህቷ ቤት አድራ ነው የመጣችው። ሥራውን ረስታው ስባሪውም ይወጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ይወጣል አልኳት። የጆንያዋን መቀመጫ በእግሯ ጫፍ ነካ አደረገቻት።

«የማን ናት?»

«ያንቺ ናት» አልኳት። «ተቀመጪባት።»