በቀይ እስክሪብቶ የታረሙት መጻሕፍቴ

በሐዋሳ ታቦር ሰፈር ከእኔ የበለጠ መጽሐፍ ያለው ሰው የለም። ይህ ጉራ የሚመስለው ካለ መጥቶ ይቁጠር። መጻሕፍቱ የተደረደሩበትን ባለ አምስት እርከን መደርደሪያ፣ መሥሪያ ቤቴ ከጣላቸው አሮጌ የፋይል ሣጥኖች እንጨት በገዛ እጄ ሠራሁት። ሠላሳ ዓመት ተሸክሞ አልጎበጠም። እኔ ጎብጫለሁ።

ሥራዬ ተላላኪነት ነበር። ፋይል ተሸክሜ ከክፍል ክፍል ስመላለስ፣ በጀርባው የተጻፈውን ከሚጠራበት ስም ጋር እያስተያየሁ ፊደል ለየሁ። ሌላው ሰው ከ«ሀ» ይጀምራል፤ እኔ መጀመሪያ ያወቅሁት «ጡ»ን ነው፣ ከጡረታ ፋይል ላይ። አስተማሪ አልነበረኝም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የአለቃዬን ደብዳቤ ገና ሳይፈርምበት አንብቤ ስሕተቱን አውቅ ነበር። ስነግረው ግን ይቆጣ ነበር፤ በኋላ እኔ ባልሁት አስተካክሎ ያስጽፋል።

መጻሕፍቱን አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ላስቲክ ዘርግተው ከሚሸጡት ሰዎችና ከየቢሮው መጣያ ሰበሰብኋቸው። ሽፋኑ የጠፋ የሕግ መጽሐፍ አለኝ፤ ለስንት ጎረቤት ማመልከቻ በእርሱ ጻፍሁ! የሁለት ቅጽ ታሪክ ሁለተኛው ቅጽ ብቻ አለኝ፤ ስለዚህ ነገሥታቱ እንዴት እንደወደቁ እንጂ እንዴት እንደተነሡ አላውቅም። በሁሉም ኅዳግ ላይ የእኔ ሰማያዊ እስክሪብቶ አለ። ደራሲ መጽሐፍ ስላሳተመ ብቻ ዝም ብዬ አላሳለፍሁትም፤ ሞግቼዋለሁ።

ለእድራችንም በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሃያ ዓመት ያህል የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሟቹ በሕይወቱ የሚወደውን ነገር ጠይቄ ሳላገኝ ብዕር አላነሣም ነበር።

በዚህ ሰፈር ከእኔ ጋር ሊነጋገር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር። ዲፕሎማውን በመስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አጠገብ ከአንዲት ዛፍ ሥር እየተገናኘን መጽሐፍ እንለዋወጥ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ እየሰሙ ከሩቅ ይጮኽብኛል፦

«ተማሪዬ! የቤት ሥራህን ሠራህ?»

«የአንተ እውቀት እኮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ነው» እለዋለሁ። «ቢቃጠልብህ ምን ትሆናለህ?»

«አመድ እሆናለኋ። አንተስ ሳትቃጠል ምንድን ነህ?»

አጥማጆቹ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «ይህንስ አንተ ታውቃለህ» ብሎኝ አያውቅም። አሥራ አንድ መጻሕፍቴንም ወስዶ አልመለሰም። ስጠይቀው «ገና ነው፣ ገና ነው» ይለኛል። እኔም ለሰው ሁሉ የመጽሐፍ ሌባ ነው ብዬ አውርቻለሁ።

ባለፈው ክረምት ሞተ። የእድሩ ሊቀ መንበር የሕይወት ታሪኩን እንዲጽፍ ያዘዘው እኔን አይደለም፤ ዲግሪ አለው ብለው አዲስ የመረጡትን ወጣት ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው በመቃብሩ ላይ ቆሞ ከስልኩ አነበበ። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» አለ፣ «ሰው አክባሪና ተጫዋች ነበሩ» አለ፣ አለቀ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ለአንዲት ጠጅ ነጋዴ ያነበበው ይኸው ራሱ ነበር፤ «ነበሩ» የሚለውን መቀየር እንኳ አላስፈለገውም፣ ስሙን ብቻ ቀየረ። ስለ መጽሐፍ አንዲት ቃል የለም።

ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ጎድሏል» አልሁት።

«ምኑ ጎደለ አባባ?»

«ሰውየው።»

ሳቀ። «አባባ፣ ፎርሙ እኮ የመጽሐፍ ቦታ የለውም። ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጡን።» ከዚያ ደግ የሆነ መሰለውና፣ «ዕድሜ ይስጥዎትና፣ የእርስዎን ራሴ አሳምሬ ነው የማዘጋጀው። የት ነበር የተማሩት?» አለኝ።

«የትም።»

«እሺ፣ እንግዲያው ያቺን መስመር እንዘላታለን።»

ሕይወቴን ሙሉ ስሞላው የኖርሁትን መስመር ስልኩ ላይ በአውራ ጣቱ ገፍቶ አሳለፈው። እኔም ስሞት የሚነበበው ይኸው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፦ ሰው አክባሪና ተጫዋች። ሁለቱንም አይደለሁም።

ከሰልስቱ በኋላ መጻሕፍቴን ልጠይቅ ወደ መምህሩ ቤት ሄድሁ። ቤቱ ሊከራይ ስለሆነ ልጁ ዕቃ ያወጣል።

«ጋሼ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ገብተው ይዩ» አለኝ። «የተረፈውን ቁራሌው ሲያልፍ እሰጠዋለሁ። የእርስዎን ግን በምን ይለዩታል?»

«የእኔ ጽሑፍ አለባቸው።»

«ኧረ ጋሼ፣ አባቴ ያልጻፈበት መጽሐፍ አለ እንዴ!»

ጣሪያው ያፈሳል። መጻሕፍቱ ከከሰል ጆንያ ጎን ተቆልለው ሻጋታ በልቷቸዋል። አሥራ አንዱንም አገኘሁ፤ ሁለቱ ስነካቸው እንደ ቂጣ ተቆረሱ። ዘጠኙን በባጃጅ ወደ ቤት አመጣሁና በረንዳው ላይ ለፀሐይ አሰጣኋቸው።

ገጹ እንዲደርቅ ስገልጥ ቀይ እስክሪብቶ አየሁ።

አርሞኛል። ከእያንዳንዷ ሰማያዊ ጽሑፌ ሥር በቀይ መልስ ሰጥቶ፣ ነጥብ ሰጥቶ፣ ክብ አድርጎበታል። «ማስረጃህ የት አለ? 4/10።» «ደራሲው ያለውን መልሰህ አነብንበህ ተቃወምሁ ትላለህ። 3/10።» «እጅ ጽሑፍህን አስተካክል።» ማን አርመኝ አለው? መጽሐፉ የእኔ፣ ሐሳቡ የእኔ፣ እርሱ ደግሞ ተደብቆ ፈተና ያርማል! ተነሥቼ ልጮኽበት ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄጄ ነበር። ወዴት ነው የምሄደው? ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ስምንተኛው መጽሐፍ ስለ ሐይቆቻችን የተጻፈ ነው። ደራሲው የሐዋሳ ሐይቅ ወንዝ ይገባበታል፣ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም ይላል። እኔ ኅዳጉ ላይ ከዓመታት በፊት እንዲህ ጽፌ ነበር፦ «መውጫ የሌለው ሐይቅ ጨው ይጠራቀምበታል ብለሃል፣ ገጽ ዐሥራ ሁለት። ታዲያ የእኛ ውኃ ለምን አልጎመዘዘም? አሞራ ገደል ወርደህ ቅመሰው።»

ከሥሩ በቀይ፦ «ጥሩ ጥያቄ። መልሱን እኔም አላውቅም። 8/10።»

ያን ገጽ እስኪደርቅ ድረስ ይዤው ተቀመጥሁ። ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው! ሐይቁ ፊት ለፊታችን ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እግራችን ሊነካው ትንሽ ሲቀረው እንቀመጥ ነበር። አፉን ከፍቶ «አላውቅም» ቢለኝ ምን ይጎድልበት ነበር? አጥማጆቹ ፊት ባይሆን እንኳ፣ ለብቻችን? ለወረቀት ነገረው፤ ለእኔ ግን «ተማሪዬ» ብቻ። እኔም በበኩሌ ሌባ ነው ብዬ አዞርሁት፤ ቀብሩ ላይ የቆሙት ግማሾቹ ያን ከእኔ የሰሙ ናቸው። ለዚህ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ እርሱም የለውም።

በማግስቱ ወደ ጸሐፊው ሄጄ የሕይወት ታሪኬን ራሴ እጽፋለሁ አልሁት። «አባባ፣ ረጅሙን አያስነብቡንም» አለ። «የሠሩትን በዝርዝር ብቻ ይስጡኝ፣ እኔ እገጥመዋለሁ።» መግጠም አያስፈልገውም። እንዳለ ይነበብ፦

ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ከጡረታ ፋይል ላይ ማንበብ ተማረ።

ተላላኪ ሆኖ ገብቶ ተላላኪ ሆኖ ወጣ፤ በመካከሉ የአራት አለቆችን ደብዳቤ አረመ። ያመሰገነው የለም።

ያልጎበጠ መደርደሪያ ሠራ። መጻሕፍቱን የሚረከብ እስካሁን አልተገኘም።

ለሰፈሩ ሙታን የሕይወት ታሪክ ጻፈ፤ አንዱም ከሌላው ጋር አይመሳሰልም።

ከአሥራ አንድ መጻሕፍት ዘጠኙን ከሻጋታ አወጣ።

አንድን ሰው ሌባ ነው ብሎ በሐሰት አወራ።

መምህሩ ያልመለሰውን አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ከአሥር ስምንት አገኘ። ሁለቱ በምን እንደተቀነሰበት አልተነገረውም።