የኦባዲያ ፔንፎልድ ስድስት የኦክ ሳንቃዎች

ሐኪሙ ለኦባዲያ ፔንፎልድ የዘንድሮን የድርቆሽ አጨዳ እንደማያይ የነገረው በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነበር። ኦባዲያ ጋሪ ሠሪ ነው። ባቡር በእንግሊዝ አገር ወዳለው ሰሴክስ ሳይደርስ በነበረው ዘመን፣ ከኮረብታው ሥር ባለችው መንደር ሃምሳ ዓመት ሙሉ መንኮራኩር ሲያበጅ፣ ሰው ሲሞትም የሬሳ ሣጥን ሲሠራ ኖሯል። የሐኪሙን ቃል ሰምቶ አላለቀሰም። ልጁን ኬዚያን ጠርቶ "የሒሳብ መዝገቡን አምጪልኝ" አላት። የሚፈልገው የማንም ሰው ፔኒ ሳይኖርበት አፈር መግባት ነበር።

ሰኞ ዕለት ለዱቄት ነጋዴው ዕዳውን ከፈለ። ማክሰኞ የመንኮራኩሩን ብረት የሚያለብስለትን አንጥረኛውን ጆብን አስጠራ። ጆብ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ገብቶ አልጋው አጠገብ ቆመ።

"ምን አስቸኮለህ ኦባዲያ? ሰባት ፓውንድ የት ይሄድብኛል?"

"እሱ የትም አይሄድም፤ የምሄደው እኔ ነኝ። ቁጠረው።"

"አልቆጥርም! ከአንተ እጅ የተቀበልኩትን ከቆጠርኩማ ጓደኝነታችን ምኑ ላይ ነው?"

"ቁጠር ብያለሁ። ኋላ ሚስትህ ቀብሬ ላይ 'ሁለት ሺሊንግ ጎድሎ ነበር' እያለች ታልቅስ?"

ጆብ እየሳቀ ቆጠረ። ሲወጣ ግን ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ሐሙስ ጠበቃው ከከተማ ይመጣል። ኑዛዜው በኦባዲያ ልብ ውስጥ ካለቀ ቆይቷል። ቤቱ ለኬዚያ ይሆናል፤ ባሏን ቀብራ ወደ አባቷ የተመለሰች ሴት ናት። ሥራ ቤቱ፣ ግቢው፣ በግቢው ያለው እንጨት ሁሉ ለሩበን ፔሊንግ። ሩበን ሠላሳ ዓመት ከጎኑ የሠራ ዋና ሠራተኛው ነው። እሱ ደግሞ በፈንታው ለኬዚያ መተዳደሪያ የሚሆን ዐሥራ ሁለት ፓውንድ በየዓመቱ ይሰጣታል። ይህን በቃሉ ተናግሯል፤ ኦባዲያም ፈርም አላለውም።

"በወረቀት ይሁን አባዬ" አለችው ኬዚያ፣ የገብስ ሾርባውን እያቀረበችለት።

"የሩበን ቃል ከወረቀት ይበልጣል።"

"ለእኔ ወረቀቱ ይሻለኛል።"

"አንቺ ድሮም ሰው አታምኚም።"

ይህን ሲል በልቡ ያለው የሳንቃዎቹ ነገር ነበር። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ሚስቱ በሞተች ሰሞን፣ አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ አስቆርጦ ከመሐሉ ስድስት ሳንቃ አስወጣ። ለገዛ ሣጥኑ ነው። በየሳንቃው ጫፍ ላይ የስሙን ሁለት ፊደላት በመሮ ቀርጾ ሥራ ቤቱ ቆጥ ላይ አስቀመጣቸው። እንጨት ሲደርቅ እንዳይጣመም በየዓመቱ መገላበጥ አለበት። ኦባዲያ ግን አንድም ቀን አልወጣም። አባቱም ጋሪ ሠሪ ነበር፤ ሰው ለራሱ ያስቀመጠውን ሳንቃ መልሶ ካየ የሞቱን ቀን ይጠራል ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር፤ ልጁም ሳይታወቀው አመነ። ስለዚህ የሚገለብጠው ሩበን ነው። በየመስከረሙ፣ በአገሩ የሚካኤል በዓል ማግስት፣ ከቆጡ ወርዶ አቧራውን እያራገፈ "ደህና ናቸው አለቃ" ይለዋል። ባለፈው ሳምንት እንኳ ኦባዲያ ቢጠይቀው "ደርቀው ቢመቷቸው እንደ ደወል ይጮኻሉ" ብሎታል።

ረቡዕ ጠዋት የባለርስቱ የሚስተር ካርዌል አስተዳዳሪ በፈረስ መጣ። ባለርስቱ በጥር ሞተዋል። ሲሞቱ የዘጠኝ ዓመት የጋሪ ጥገና ዱቤ ነበረባቸው። ኦባዲያ በየገናው ሒሳቡን በትሕትና ጽፎ ከመላክ በቀር አንድ ቀን አልጠየቃቸውም። ትልቅ ሰው ደጅ ቆሞ ገንዘቤን ያለ ነጋዴ በማግስቱ ሥራ አያገኝም።

"ወራሹ ሁሉንም እንድከፍል አዘውኛል" አለ አስተዳዳሪው፣ ሠላሳ አንድ ፓውንድ ጠረጴዛው ላይ እየደረደረ። "የሣጥኑ ለብቻው ስለተከፈለ እዚህ ውስጥ የለም።"

"የምን ሣጥን?"

"የጌታዬ ነዋ! በረዶው መንገድ ዘግቶ ከከተማ ማስመጣት ሲያቅተን ሩበን የሠራልን። እርስዎ በትኩሳት ተኝተው ነበር። ዐሥራ አራት ፓውንድ በእጁ ሰጠሁት። እንዲያ ያለ ኦክ አይቼ አላውቅም ማስተር ፔንፎልድ! አንዱ ላይ እንዲያውም ሳይቆረጥ የቀረ ሁለት ፊደል ተቀርጾበት ነበር። እመቤቲቱ 'ይህ ደግሞ የማን ስም ነው?' ቢሉ ሩበን በመላጊያ ላገው።"

"ላገው" አለ ኦባዲያ።

"እርስዎ ፈቅደዋል ብሎን እኮ ነው። አልፈቀዱም እንዴ?"

ኦባዲያ ገንዘቡን ተቀበለ፣ ፈረመ፣ አመሰገነ።

አስተዳዳሪው እንደሄደ ከአልጋው ወረደ። ኬዚያ "ትወድቃለህ!" ብትለው አልሰማ አላት። የሥራ ቤቱን መሰላል በየእርከኑ እያረፈ ወጣ፤ እሷ ከሥሩ ሆና ወገቡን ትገፋለች። ቆጡ ላይ ጆንያ የለበሰ ክምር ነበር። ገለጠው። የጥድ ቁርጥራጭና የአሮጌ ጋሪ ወለል ነው፤ በመካከሉ ዶሮ ሁለት እንቁላል ጥላበታለች። በጣቱ አንኳኳው። ድው አለና ዝም አለ።

ኬዚያ መሰላሉን ይዛ አወረደችው።

ከሰዓት በኋላ ሩበን እንደ ልማዱ አይብና አንድ ጆግ ቢራ ይዞ ሊጠይቀው መጣ።

"አለቃ! ዛሬ ፊትዎ ጥሩ ነው።"

"ቆጥ ላይ ወጥቼ ነበር።"

ሩበን ጆጉን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"በረዶ ነበር አለቃ። ሰዎቹ በር ላይ ቆመዋል፤ ሌላ የደረቀ እንጨት የለም። እርስዎም እንደዚያ ሆነው፣ የሚተርፉ አልመሰለኝም።"

"የማልተርፍ ከመሰለህማ ሳንቃው የዚያኑ ሳምንት ያስፈልገኝ ነበራ።"

ሩበን አይቡን መቁረስ ጀመረ።

"ገንዘቡስ?"

"ኋላ የእኔ የሚሆን እንጨት አይደል?" አለ ሩበን፤ ድምፁ ከፍ አለ። "ግቢው ከነእንጨቱ ያንተ ነው ብለውኝ የለም? ትንሽ ቀደም አልኩ እንጂ ምን አደረግኩ?"

ኦባዲያ ስርቆቱን ምናልባት ይረሳው ነበር። የማይረሳው የደወሉን ነገር ነው። ደህና ናቸው ብሎ ማለፍ ሲችል፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ለሚሞት ሰው ውሸቱን እንዲያ አሳምሮ ማቅረቡ።

"መለኪያህን አውጣና ለካኝ" አለው።

"አለቃ፣ እባክዎ…"

"ለካኝ!"

ሩበን የሚታጠፈውን መለኪያ ከኪሱ አውጥቶ ከራሱ እስከ እግሩ ለካው። "አምስት ጫማ ከስምንት ኢንች።"

"ሁለት ኢንች ጨምርበት፤ ተንጠራርቼ ልተኛ። ይኸው ደግሞ የእስከ ቅዳሜ ደመወዝህ። ቁጠረው።"

ሩበን ቆጠረ። እንደ ጆብ አልሳቀም።

ሐሙስ ጠበቃው መጣ። ሥራ ቤቱና ግቢው ለኬዚያ ተጻፈ፤ ለፈለገችው ሰው ታከራየዋለች፣ ኪራዩም መተዳደሪያዋ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ኦባዲያ ስለ ቀብሩ አጻፈ። ሣጥኑን ሩበን እንዲሠራው፣ የሚሠራውም ባለፈው ወር ተቆርጦ ግቢ ውስጥ ከተጋደመው፣ ኤልም ከተባለው ዛፍ ግንድ እንዲሆን፣ ሲወጣም ሩበን ከራስጌ በቀኝ በኩል እንዲሸከም።

ጠበቃው ብዕሩን አቆመ። "ይህ እኮ ገና እርጥብ ነው።"

"አውቃለሁ። የደረቀ የለኝም።"

ለማንም ምክንያቱን አልተናገረም፤ ኬዚያንም አስማላት። በመዝገቡ ላይ መስመሩ ሁሉ ተሰርዞ አንድ ብቻ ቀረ፤ "ሩበን ፔሊንግ፣ ስድስት የኦክ ሳንቃ" ይላል። የዋጋው ቦታ ባዶ ነው።

ኦባዲያ በግንቦት አጋማሽ ሞተ። ሩበን ሣጥኑን ሠራ፤ እምቢ ቢል መንደሩ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ስድስት ሆነው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ሲወጡ ሦስት ጊዜ ማውረድ ግድ ሆነባቸው።

"ምን በልቶ ነው የሞተው?" አለ ጆብ እያለከለከ። "የቀረው ሰውነት ዶሮ አያህልም ነበር እኮ!"

ሌሎቹ ሳቃቸውን አፈኑ። ሩበን ቀና አላለም። የእንጨቱ እርጥበት በኮቱ አልፎ ትከሻውን እስከ ብብቱ አርሶታል። ጆብ አይቶት አዘነለት።

"ና ልቀይርህ።"

"ተወኝ" አለ ሩበን። "ቦታዬ ነው።"