የሊማሊሞ ዳገትና ሁለቱ ቱቦዎች

በቀደም ከእረፍት ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ሲያጓራ የተቃጠለ ዘይት ሽታ በመስኮት ገባ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች አፍንጫቸውን ሸፈኑ፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ደባርቅ ወዳለው ግቢያችን፣ በሸራ ተሸፍኖ ወደሚኖረው ወደ አጎቴ መኪና በሐሳብ ተመለስኩ።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። ሲሞት ማርሹን በራሱ የሚቀያይር አሮጌ አረንጓዴ መኪና ትቶልን ሄደ። እናታቸው፣ አያቴ፣ የምትኖረው ከሊማሊሞ በታች፣ ቆላው ዛሪማ ነበር። አጎቴ በሕይወት ሳለ በዚያ መኪና መጥቶ ሊወስዳት ቃል ገብቶላት ስለነበር፣ አቅሟ ደክሞ አባቴ እኛ ጋ እንድትኖር በለመናት ቁጥር «በልጄ መኪና ካልሆነ ከዚህች ደጅ አልነሣም» ትለው ነበር።

አጎቴ ከሞተ በኋላ በመጣው ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣ አባቴ ተበላሽቶ የቆመው መኪና ሥር ተጋድሞ ብሎን እየፈታ፣ የፈታውን በጋዝ እያጠበ በጣሳ በጣሳ ያስቀምጥ ነበር። እናቴ ጋቢ ይዛለት ትወጣና «ሰውዬ፣ እኔን ትተህ ብረት አገባህ!» እያለች ትስቅበት ነበር።

በመስከረም ሞተሩ ተነሣ። የቀሩት የካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ትኩስ ዘይት ወደ ራዲያተሩ ወስደው፣ አቀዝቅዘው የሚመልሱት ሁለት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ብቻ ነበሩ፤ ዝገት በልቷቸው ወንፊት መስለዋል። አባቴ ሁለት ጊዜ ጎንደር ድረስ ሄዶ አጣቸው። ጎረቤታችን መካኒኩ ጋሽ ታደሰ «ትንሽ ታገሥ፣ ከአዲስ አበባ እናስፈልጋለን» ይለው ነበር።

በጥር ግን አያቴ ከአልጋ መነሣት እንዳቃታት ሰዎች ለአባቴ ነገሩት። ያን ቀን ቱቦዎቹን ነቅሎ ጣለና የካምቢዮውን መውጫና መግቢያ በአጭር ጎማ አገናኝቶ፣ ዘይቱ ሳይበርድ እዚያው እንዲዞር አደረገው።

«በደባርቅ ብርድ ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣ? ውሃ ላይ ውሃ መጨመር ነው» አለ።

«እንግዲያው ዛሪማ ስትወርድ ብርዱን በጆንያ ይዘህ ውረድ!» አለችው እናቴ። ሁላችንም ሳቅን፤ አባቴም ሳቀ።

እኔንም አስከትሎ ቁልቁለቱን በሰላም ወረደ። በማግስቱ አያቴን የኋላ ወንበር ላይ በትራስ ደግፈን አስቀመጥናት፤ መንገዱን ሁሉ ከፊቷ ያለውን የሾፌር ወንበር ጀርባ ትዳብስ ነበር። ሊማሊሞን ስናጋምስ ሽታው መጣ፣ ጭስ ተከተለ፣ ከዚያ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው መሄዱን ተወ። የካምቢዮው ቀይ ዘይት ጠቁሮ ከሥሩ ይንጠባጠብ ጀመር። አባቴ ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፎ እዚያው ተንበረከከ፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልቻለም።

«ደክሞት ነው ልጄ» አለች አያቴ። «ተወው፣ ይረፍ።»

አባቴ ሽቅብ በሚሄድ የጭነት መኪና እንውጣ ብሎ ለመናት። እሷ ግን ቁልቁል የሚሄደውን ጠብቃ፣ በሰው ተደግፋ ወደ ዛሪማ ተመለሰች። በቀጣዩ ክረምት፣ እኛ ቤት አንድ ቀን እንኳ ሳታድር ሞተች።

ዛሬ ደባርቅ የፍሪጅ ቱቦ የሚሠራ ወጣት አለ፤ እንደነዚያ ያሉትን ሁለት ቱቦዎች በግማሽ ቀን አጥፎ ይገጥማቸዋል። ያኔ አያቴ እየጠበቀች ቱቦው ጠፋ፤ አሁን ቱቦው ተገኝቷል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የተመለስኩ ዕለት ጠዋት ይህን ለአባቴ ልነግረው ወደ ግቢው ወጣሁ። ሸራው ላይ ያቆረውን የዝናብ ውሃ በመጥረጊያ እንጨት ቀስ እያለ ያፈስ ነበር። ትንሽ ቆሜ አየሁትና የቱቦውን ነገር ሳላነሣ ሻንጣዬን አነሣሁ።