ጓደኛዬ ሩጫ ያቆመችባቸው ጊዜያት

ጓደኛዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩጫ ማቆሟን የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው። ሱቅ ውስጥ ዛላ በርበሬ እየመዘንኩ ሳለ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አስነጠሳት። ሱቃችን ያለበት የበርበሬ ገበያ፣ በርበሬ በረንዳ፣ እንግዳ የሚቀበለው እንደዚህ ነው። አፍንጫዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችና፣

«አቆምኩ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሩጫውን ነዋ። ዛሬ ጠዋት ለአሰልጣኜ ነገርኩት። እግሬ አልድን አለኝ፤ በቃ፣ ጫማዬን ሰቀልኩ።»

ለልጃቸው ሠርግ በርበሬ የሚገዙ አንዲት እናት ሚዛኑን ትተው እሷን እሷን ያዩ ነበር። እኔም በርበሬውን ሚዛን ላይ ትቼ አቀፍኳት። ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ቤት ይዣት ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ለምን ደስ እንዳለኝ በደንብ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ያደግነው ተክለ ሃይማኖት፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ቤታቸው ከእኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል። አባቷ ከጎጃም መጥተው መጋዘን ይጠብቁ ነበር፤ እናቴ የበርበሬ ነጋዴ ነበረች። ሁለታችንም ለትምህርት ቤታችን እንሮጥ ነበር። ጠዋት መኪና ሳይበዛ ሰባተኛ ሰፈርን ዞረን እንመለሳለን። እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ በስምንት መቶ ሜትር የምቀድማት እኔ ነበርኩ። ይህን ዛሬ ብናገር የሚያምነኝ ስለማይኖር አላወራውም፤ እዚህ ግን ልጻፈው።

አስረኛ ክፍል ስንገባ የእናቴ ስኳር እግሯን ያዘው። ሱቁን የሚይዝ ሰው ጠፋ፤ እኔ ገባሁ። ማንም አላስገደደኝም። አንድ ሰኞ ልምምድ ቀረሁ፣ ማክሰኞም ቀረሁ፣ በዚያው ቀረሁ። እሷ ክለብ ገባች፣ ከዚያ ማናጀር አገኘች፣ ከዚያ ውጭ አገር ማራቶን አሸነፈች። ያሸነፈች ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ጮኸ። እኔም ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ።

ስለዚህ ስታቆም ወደ እኔ መምጣቷ አልገረመኝም። ሁልጊዜ የምናወራው እቅድ ነበረን። የተዘጋጀ በርበሬና ሽሮ በጥሩ ማሸጊያ አሽገን እንሸጣለን፤ ማሸጊያው ላይ የእሷ ፎቶ ይሆናል፤ ሙያው የእናቴ ነው። እናቴ እቅዱን ስትሰማ፣ «እሰይ፣ እግርሽንም ታሳርፊያለሽ» ብላ መረቀቻት።

በማግስቱ ሽርጥ አድርጋ መጣች። እውነቱን ለመናገር ለሱቅ አልተፈጠረችም። ሚዛን ላይ እጇ አይጨክንም፣ ለሁሉም ጭማሪ ትጨምራለች። ሰው ደግሞ የሚመጣው በርበሬ ሊገዛ ሳይሆን ፎቶ ሊነሳ ነው። ቢሆንም ሥራ አትንቅም። በርበሬ ከሚቀነጥሱት ሴቶች ጋር ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ ስትስቅ ትውላለች። ማታ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጣቶቿ እየተቃጠሉ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ሦስት ወር እንዲህ ሠራን። አንድ ቀን ከፊት ለፊታችን ቅመም የሚሸጡት ጋሼ ኮረሪማቸውን እያበጠሩ፣

«ጓደኛሽ ተመለሰች አሉ» አሉኝ።

«የት ተመለሰች? ይኸው አራት ቀን አሟት ቤት ተኝታለች።»

«ኧረ በሬዲዮ ነው የሰማሁት። ልምምድ ጀምራለች ብለዋል።»

እኒህ ሰውዬ ስለ አትሌቲክስ ተሳስተው አያውቁም። ስደውልላት አላነሳችም። በሳምንቱ መጣችና አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «አንድ ብቻ ነው» አለችኝ። «በጉዳት አቁሜ መቅረት አልፈለግኩም። አንድ ማራቶን ሮጬ በክብር ልሰናበት።»

ምን ይባላል? ይገባኛል አልኳት። ሮጠች፣ ሁለተኛ ወጣች። አንዱ ሦስት ሆነ።

ሁለተኛው ጊዜ ልጇን ስትወልድ ነው። ያኔ ለጋዜጠኞች ጭምር ተናገረች፤ ከእንግዲህ ቤተሰቤን ነው የማሳድገው አለች። አራስ ቤት ሆና እቅዱን እንደገና አነሳች። ልጇ ስድስት ወር ሲሞላት ሱቅ መምጣት ጀመረች። ይህኛው ይጸናል ብዬ ነበር። እናቴ ያኔ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ባትቆይም ከሰዓት በኋላ ወንበሯ ላይ ትቀመጥ ነበር። አንድ ከሰዓት ጓደኛዬ ማስክ አድርጋ ገባች። በርበሬ በረንዳ የምንሠራ ሰዎች በጣም ሲብስብን ሻርፕ እንጠመጥማለን እንጂ አቧራውን ለምደነዋል። እናቴ አየት አደረገቻትና ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣

«ይቺ ልጅ ልትሄድ ነው» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ሳንባዋን እየጠበቀች ነው።»

በአስራ አምስተኛው ቀን ሄደች። እኔ ተናደድኩ፤ እናቴ ግን ሳቀች። «ቢያንስ ዛሬ ራሷ መጥታ ነገረችሽ» አለችኝ።

ጋሼ ከእኔ ብሰው ተናደዱ። እሳቸው ለሯጭ ሕግ አላቸው፤ ሯጭ ሲያሸንፍ ነው መሄድ ያለበት ይላሉ። የእሷ ነገር በተነሳ ቁጥር ያማርራሉ። «ስትሰናበት አለቀስኩላት። ስትመለስ ጨፈርኩላት። እንደገና ስትሰናበት እንደገና አለቀስኩ። አሁን እንባዬን ማን ይመልስልኛል?» ይላሉ። ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር፤ ለእሳቸው የቴሌቪዥን ነገር ነው፣ ለእኔ ግን ጠዋት ጠዋት ባዶ የሚሆን ወንበር ነው።

ከዚያ እናቴ አረፈች። ጓደኛዬ ለልምምድ ከከተማ ውጭ ነበረች። የሰማች ዕለት መኪና ይዛ መጣች፤ ቀብር ላይ ክንዴን ይዛ ቆማለች። ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ አልወጣችም። ወጥ ቤት ገብታ ሰሃን አጥባለች፣ ለቀስተኛ አስተናግዳለች፣ ትንሹን ልጄን አስተኝታለች። ዘመዶቼ እንኳን የእሷን ያህል አልሆኑልኝም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣

«ብቻሽን አትሆኚም» አለችኝ። «ሩጫው እዚህ ላይ ይበቃኛል። ከንቱ ነገር እንደሆነ ገብቶኛል። የእናታችንን ሥራ አብረን እንይዘዋለን።»

«የእናታችንን» ነው ያለችው። አመንኳት። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የተባለውን ያምናል።

በዓመቱ እውነትም ሥራው በእግሩ ቆመ። አዲስ ፎቅ ላይ ሌላ ሱቅ ያዝን፤ ማሸጊያ አሠራን፤ አንድ ሠዓሊ ታፔላው ላይ የእሷን ፊት ሳለ። ጥርሷን ትንሽ አብዝቶባት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው። ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኛለን። ሚዛንም ለመደች። የሱፐርማርኬት ሰዎችን እኔ ከማነጋግራቸው ይልቅ እሷ ስትነግራቸው ቶሎ ይሰማሉ። ከእናቴ በኋላ ያሳለፍኩት ጥሩ ጊዜ ያ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

አዲሱ ሱቅ በተከፈተ በስምንተኛው ወር ማስኩ ተመለሰ።

መጀመሪያ ቀን አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ሁለተኛ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነው አለችኝ። ሦስተኛ ቀን አልቻልኩም።

«አውልቂው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ። ወይ አውልቂው፣ ወይ እውነቱን ንገሪኝ።»

ሴቶቹ መቀንጠሳቸውን አቆሙ። እሷ ማስኩን ወደ አገጯ ዝቅ አደረገችው።

«ልነግርሽ ነበር» አለች። «ከጀመርኩ ወር ሆኖኛል።»

«ወር?»

«መጀመሪያ ሰውነቴን ልየው ብዬ ነው። ጥሩ ነኝ። እውነቴን ነው፣ አሰልጣኙም ገርሞታል።»

«ድንኳኑ ሲነሳ ያልሽኝስ? እናቴን አስታውሰሽ ያልሽኝ?»

ማስኩን አውልቃ አጣጠፈችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ጠዋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ እነቃለሁ» አለችኝ። «ማንም ሳይቀሰቅሰኝ። የምሄድበት የለኝም።»

«ሱቅ አለሽ።»

«ሱቁ የሚከፈተው በሁለት ሰዓት ነው።»

ይህ መልስ የበለጠ አናደደኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እኔስ?» አልኳት። «እኔ ሳቆም ማን ጠየቀኝ? እኔ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የምነቃ አይመስልሽም?»

አየችኝ። ልታናድደኝ ብላ አይደለም፤ ፊቷ ላይ የነበረው መገረም ብቻ ነው።

«አንቺ ሩጫ ትወጂ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ከሃያ ዓመት በላይ ከአንድ ማዕድ የበላን ሰዎች ነን። ይህን አታውቅም ነበር። ለእሷ እኔ የተውኩት፣ ቀድሞም ግድ ስላልሰጠኝ ነው። እኔም ለማንም ነግሬ ስለማላውቅ ልፈርድባት አልችልም። ግን ያን ጊዜ ይህን ማሰብ አልቻልኩም። «ሂጂ» አልኳት፤ ቦርሳዋን አንስቼ ሰጠኋት። ሴቶቹ ፊት እንዲህ ማድረጌ ዛሬም ያሳፍረኛል።

የተመለሰችበት ማራቶን እሁድ ቀን ነበር። አላይም ብዬ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግን ሰፈር ያለው ሻይ ቤት በሰው ተሞልቷል፤ ጋሼም ከፊት ተቀምጠዋል፤ እግሬ አስገባኝ። እስከ ሃያ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ከመሪዎቹ ጋር ነበረች። ከዚያ ልጆቹ ፍጥነት ጨመሩ። ልጆቹ ያልኩት እውነትም ልጆች ስለሆኑ ነው፤ እሷ ስታሸንፍ አንደኛ ደረጃ ተማሪ የነበሩ ናቸው። ካሜራው ከእነሱ ጋር ሄደ፤ እሷ ከምስሉ ወጣች። ሠላሳ ሦስት ላይ ለአፍታ አሳዩዋት፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በመንገዱ ዳር እየተራመደች ነበር። አቋረጠች።

ጋሼ ተነስተው ኮፍያቸውን አደረጉ። «ክብሯን ይዛ ብትቀመጥ ምን ነበረበት!» ብለው ወጡ።

በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አልደብቀውም፤ እሰይ የሚል ነገር በደረቴ አለፈ። ወዲያው አፈርኩ። ስታቋርጥ ፊቷን አይቼዋለሁ። አላለቀሰችም፤ ትከሻዋ ላይ ብርድ ልብስ ያለበሰቻትን ሴት እያመሰገነች ነበር።

ከውድድሩ በኋላ በሱቁ ጉዳይ ወሰንኩ። ከእኛ ጋር አስራ አንድ ዓመት በርበሬ የቀነጠሰች፣ ሥራውን ከእኔ ባልተናነሰ የምታውቅ ሴት አለች፤ ሸሪኬ አደረግኳት። ስነግራት መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ነበር። ታፔላውንም አስወረድኩት፤ ያው ሠዓሊ መጥቶ ፊቱን ቀብቶ አጠፋና በምትኩ አንድ ዛላ በርበሬ ሳለበት።

ጓደኛዬ በወሩ መጣች። ማስክ አልነበራትም። ቀና ብላ ታፔላውን አየችው።

«አሁንስ በእውነት በቃኝ» አለችኝ።

«ጥሩ አደረግሽ» አልኳት። «ግን ቦታሽ ተይዟል።»

ሸሪኬን አሳየኋት። እንደምታኮርፍ፣ እንደምታለቅስ ጠብቄ ነበር። እሷ ሄዳ ሴትየዋን ሳመቻት፣ እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሳ፣ «ተበሳጭተሽ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ተበሳጭቼ ነበር። አሁን ግን ሥራ ነው።»

«ልክ ነሽ» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «ትወጂ እንደነበር ብትነግሪኝ ኖሮ ጎትቼ አወጣሽ ነበር» አለችኝ።

«ሱቁን ማን ይይዘው ነበር?»

ከጆንያው አንድ ዛላ አንስታ ቀነጠሰችና ለሸሪኬ አቀበለቻት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ልምምድ መጀመሯን ሰምቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ መተዋን። የሚነግሩኝ ጋሼ ናቸው፤ አሁንም ይናደዳሉ። «እውነት ነው?» ብለው ደንበኞች ሲጠይቁኝ እሷን ጠይቋት እላለሁ። ይህን ስል ቅር ብሎኝ አይደለም፤ እውነትም ስለማላውቅ ነው። የእሷን መሄድና መምጣት እየተጠባበቅኩ ሥራዬን ማቀድ ካቆምኩ ወዲህ ቀለል ብሎኛል።

ባለፈው ሳምንት መጥታ ሁለት ኪሎ ሽሮ ወሰደች። ልጇ የፊት ጥርሷ ወልቆ ቃላት እያፏጨች መናገር ጀምራለች፤ ጓደኛዬ ስልኳ ላይ የቀዳችውን አሰማችኝና ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ስለ ሩጫ አልጠየቅኳትም። ሌላ ደንበኛ ገባ፤ ደህና ዋይ ብላኝ ሄደች።