የጎደለው የባቡር ደረጃ

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ነገሩ የአንድ የባቡር ደረጃ ጉዳይ ነው። አያቴን ሳስብ ግን ከዚያ ሌላ አይታየኝም።

አሮጌዎቹ ፉርጎዎች ታድሰው ሚኤሶ ሲደርሱ ቀለማቸው ያበራ ነበር። የታችኛው ደረጃቸው ግን ተቆርጦ ቀርቷል። ስለዚህ አያቴ ባቡር በመጣ ቁጥር ከቤት በርጩማ ይዘው መጥተው ለአዛውንትና ለነፍሰ ጡር በሩ ሥር ያስቀምጡ ነበር።

ከጭሮ ልጠይቃቸው በወረድኩ ዕለት የጣቢያው ጥበቃ በርጩማውን ነጠቃቸው።

«አባባ፣ ባቡሩ ታድሷል፤ አያሰድቡን!»

«ኢልማ ኮ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ግመል እንኳ ለሚጭነው ሰው ይንበረከካል። ያንተ ባቡር ከግመል ይኮራል?»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ጥበቃው ግን በርጩማውን አልመለሰም። አንዲት ነፍሰ ጡር በሩን ይዛ ቆማ ነበር። አያቴ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ተንበረከኩ።

«ጉልበቴን ርገጪ።»

«ኧረ ነውር ነው፣ አባባ!»

«ነውሩ የኔም ያንቺም አይደለም፤ ተሳፈሪ!»

እስካሁን ያንገበግበኛል። ለዚያ ሁሉ ቀለም ገንዘብ ያገኘ ሰው አንድ ቁራጭ ብረት እንዴት ያጣል? ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በጨዋ ቃል መጻፍ እየተማርኩ ነው፤ ለዚህ ግን ጨዋ ቃል አላገኘሁም።

አሁንም ባቡሩ ሲቆም ዓይኔ በሩ ሥር ይፈልጋቸዋል፤ ቦታው ባዶ ነው። ደረጃው እንዲሠራ በእኔ እጅ ያጻፉት ማመልከቻ መልስ ያገኘው ከቀብራቸው በኋላ ነው። ደረጃው የተበየደው በየካቲት ወር፣ በመጀመሪያው ማክሰኞ ነው።