ዜሮ ያልሆነው ዜሮ

እንግዳ ማስታጠብ እፈራለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል። እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች በሚመጡበት ዕለት ግን ተራው የእኔ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ የሚማረውን ወንድሜን ስለምነው ላፕቶፑን ከፍቶ፣ «ይሄ ፕሮግራም የፓይ ሳይን ዜሮ ነው ካላለ እኔ አስታጥብልሻለሁ» አለኝ። ሳይን ምን እንደሆነ አላውቅም። ፕሮግራሙን ሲጠይቀው በአንድ ጀምሮ «e-16» ብሎ የሚያበቃ ረጅም ቁጥር አወጣ።

«መጨረሻዋ ከነጥቡ በኋላ አሥራ አምስት ዜሮ አለ ማለት ነው፤ ይቺ እኮ ኢምንት ናት፤ ያው ዜሮ በያት!»

«እሱን ጠይቀው» አልኩት።

ከዜሮ እኩል መሆኑን ቢጠይቀው «ፎልስ» አለ፤ ውሸት ማለቱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ወንድሜ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ማስታጠብ ጀመረ። የመጨረሻው ሽማግሌ ጋ ሲደርስ፣ «ይቅርታ አባቴ፣ ውሃው ዜሮ ሆነ» አለ። ከጆጉ አንድ ጠብታ እጃቸው ላይ ጠብ አለች።

ከበሩ ኋላ ሆኜ «ፎልስ!» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌዎቹ በሙሉ ዞረው አዩኝ።